አረንጓዴ ነገር አላየሁም

«አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ገድ የለውም። የእኔን ፖስታ እንዳትነኪ!»

እትዬ ይህን ያሉኝ ፊት ለፊቴ ቆመው፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ድምፃቸውን ዝቅ እንኳ ሳያደርጉ ነው። እትዬ የግቢያችን ሰው ናቸው። የእሳቸውን ቤትና የእኛን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ እሳቸው ሲያስነጥሱ እኛ ከወዲህ ሆነን «ይማርዎ» እንላለን። አልተቀየምኳቸውም ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል፤ ተቀይሜያቸዋለሁ። ግን ማስረጃ ነበራቸው። ባለፈው ዓመት ፎርም ከሞላሁላቸው የግቢያችን ሰዎች መሃል ዲቪ የደረሰው አንድም የለም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም እንዲሁ።

«እትዬ፣ ዕጣውን የማወጣው እኔ ነኝ እንዴ?» አልኳቸው።

«አፍሽ ደግሞ ከእጅሽ ይብሳል» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ።

ይህ የሆነው ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ጋሼ ሸራ ውስጥ ነው። ጋሼ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበሩ። የጽሕፈት መኪናቸውን በሣጥን ላይ አስቀምጠው ይቀመጣሉ፤ ባለጉዳይ ቆሞ ያለቅሳል፣ ይሳደባል፣ ይምላል፤ እሳቸው ያንን ሁሉ ሰምተው በአንድ ገጽ ያወጡታል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ለጊዜው ብዬ እሳቸው ዘንድ ገባሁ፤ ያ «ለጊዜው» ሁለት ዓመት ሆነው። ካርቦን አስገባለሁ፣ ቴምብር እለጥፋለሁ፣ ተቀምጬ መዋል ስለማልችል የማይላክ ነገር ሳይቀር እላካለሁ። መስቀል አልፎ የአሜሪካው ዕጣ ሲከፈት ደግሞ የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ወደ ጎን ይልና ሰልፉ ሁሉ የዲቪ ይሆናል። ያኔ ዲቪ በኮምፒዩተር አይሞላም። በወረቀት ተጽፎ፣ ፎቶው በስኮች ተለጥፎ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ ኬንታኪ ወደምትባል አገር ይላካል። ኬንታኪን እኔ የእናቴን ስም ከጻፍኩት በላይ ጽፌያታለሁ።

ሰዉ ግን ኬንታኪን አልነበረም የሚፈልገው። ግሪን ካርድ ነበር የሚፈልገው። በግቢያችን ግሪን ካርድ በዓይኑ ያየ ሰው አልነበረም፤ ምን እንደሚመስል የማያውቅም አልነበረም። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ስልጤዋ ጎረቤታችን «እንደ ጫት ጫፍ ነው፣ ለምለም» ትላለች። አንዱ የታክሲ ረዳት እንደ ባንዲራው አረንጓዴ ነው ብሎ ተወራርዷል። እኔ የተማርኩ ነኝና ትርጉሙን የምናገረው እኔ ነበርኩ። «ግሪን አረንጓዴ ነው፣ ካርድ ካርድ ነው። የሜክሲኮ አደባባይን የትራፊክ መብራት አታዩም? ቀይ ቁም፣ አረንጓዴ እለፍ። አሜሪካም በሩን ሲከፍትልህ አረንጓዴ ይሰጥሃል፤ ለዚህ ነው እንዲህ የተባለው» እላለሁ። ሰዉ በአዎንታ ራሱን ይነቀንቃል። ጋሼ ብቻ ከመነጽራቸው በላይ ቀና ብለው ያዩኝና ወደ መኪናቸው ይመለሳሉ። ያ አስተያየት ምን ማለት እንደነበረ ያወቅሁት በጣም ቆይቶ ነው።

በዚያ ዓመት የእትዬ ልጅ ከአሜሪካ መጣች። ከስድስት ዓመት በፊት ዲቪ ደርሷት የሄደች ናት፤ ወንድ ልጅ ወልዳለች፣ ሁለት ዓመቱ ነው፣ አንዲት ጓደኛዋ ዘንድ ትታው ነው ለመስቀል የመጣችው። የምትመለሰው በጥቅምት ልደታ፣ ማለት ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን ነበር። ከመጣች ጀምሮ ሴቱ ሁሉ ግሪን ካርዷን እንድታሳይ ይለምናታል፤ እሷ ደግሞ «ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ከወጣ ይጠፋል፣ ያለሱ አውሮፕላኑ ላይ አያወጡኝም» ትላለች። አልተቀየሟትም። ይልቅ ያች ቦርሳ ተከበረች። ምስማር ላይ ተሰቅላ ሳለ ሰው በሥሯ ሲያልፍ ጎንበስ ይላል። እኔም ብሆን፣ በዲቪ የምቀልደው፣ «የሰነፍ ጸሎት ነው» የምለው ልጅ፣ እትዬ ቤት ገብቼ እንደ ዋዛ እያየኋት የመጣሁበትን እረሳ ነበር። አንድ ሰው ከዚህ ከእኛ ጭቃ ተነስቶ በሰማይ ሄዶ በሰማይ የሚመለስበት ነገር እዚያች ቆዳ ውስጥ ነው ያለው።

እኛ ሰፈር አንድ ልማድ አለ። የዲቪ ፖስታ በገደኛ እጅ ነው የሚላከው። የደረሰው ሰው፣ ወይም የደረሰው ሰው እናት፣ ፖስታውን ዳስሳ ትሰጥሃለች፤ ካልሆነም በልደታ ቀን ይላካል። ጋሼ ራሳቸው የታሸጉትን ፖስታዎች በቆርቆሮ ሣጥን ቆልፈው ያቆዩና ወር በገባ በአንደኛው ቀን ልደታን ተሳልመው ሲመለሱ ይዘዋቸው ፖስታ ቤት ይሄዳሉ። ስልጤዋ «ልደታ የእናንተ ናት፣ ፖስታ ቤቱ የሁላችን ነው፤ የእኔንም አንድ ላይ ይክተቱልኝ» ትላቸዋለች።

እትዬ ግን ዘንድሮ እጅ አይበቃም ብለው ቆርጠዋል። ዕቃው ራሱ ፖስታዎቹን ይንካቸው ብለው ነው። ይህን እኔ በዚያን ቀን አላውቅም። ልጃቸው ስትታጠብ ካርዱን ከቦርሳዋ አውጥተው፣ በመሐረብ ጠቅልለው፣ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ነበር ወደ ጋሼ ሸራ የመጡት።

የግቢው ፖስታ ሃያ አንድ ነበር። ሁሉንም አስቀድሜ እኔ ሞልቼ፣ ፎቶው እንዳይታጠፍ በየፖስታው ከሲጋራ ካርቶን የቆረጥኩትን ቁራጭ ከትቼ አዘጋጅቻለሁ። እትዬ ግልብጥ አድርገው፣ ጀርባቸውን ወደ ላይ፣ አግዳሚው ላይ ደረደሯቸው። እኔ ደግሞ ሰበብ ፈልጌ በዚያ በኩል አለፍኩና የራሴን ፖስታ መሃል ላይ ጣል አደረግሁ። ሃያ ሁለተኛ። አዎ፣ ሞልቻለሁ። ሁለቱንም ዓመት ሞልቻለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

እትዬ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር በየፖስታው ያስገባሉ፣ «በስመ አብ» ይላሉ፣ ያወጣሉ፣ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። የሚጸልዩ መሰለኝ። መሃል ላይ እንደደረሱ ከማዶ ከግቢያችን በኩል ጩኸት መጣ።

«ውሃ መጣ! ውሃ መጣች!»

በሳምንት አንዴ የምትመጣ ውሃ ናት፤ ስትመጣ ሙታን ይነሳሉ። ሴቱ ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ወደ ቦኖው ቧንቧ ሮጠ። እትዬም ያሉበትን ትተው፣ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱ። «እንዳትነኪ ብያለሁ!» እያሉኝ ነበር የሮጡት።

እኔ ሥራ ፈትቼ ወረቀት ማየት አልችልም። ነፋሱ የፖስታዎቹን ክዳን ያርገበግባል። ኮላውን አነሳሁና አንድ በአንድ አሸግኳቸው። አንደኛው ውስጥ ከካርቶኑ ጎን ነጣ ያለ፣ ፕላስቲክ የለበሰ ነገር ጫፉን አሳየኝ። የእትዬ ልጅ ጉርድ ፎቶ አለበት፣ የጣት አሻራ የሚመስል ነገርም አየሁ። የሥራ መታወቂያዋን ለገድ ከተው ነው አልኩ በልቤ፤ ደግሞ ምን አገባኝ አልኩ። ክዳኑን በአውራ ጣቴ ተጭኜ ለጠፍኩት። ሃያ ሁለቱን ከሌሎች ደንበኞች ፖስታ ጋር ቆርቆሮው ሣጥን ውስጥ አስገባሁ፤ ጋሼ ቆለፉት።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ለልደታ አንድ ቀን ሲቀር፣ በልጅቷ ጩኸት ነቃን። «ግሪን ካርዴ! ግሪን ካርዴ የለም!»

እንዲህ ያለ ፍለጋ አይቼ አላውቅም። ፍራሹ ሁሉ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ተደረደረ። የሽሮ ዕቃ ተገለበጠ፣ ቱቦ በሽቦ ተጎረጎረ። ከዚያም ሰው አረንጓዴ አረንጓዴውን ይዞ መምጣት ጀመረ። አንዷ የሳሙና ካርቶን፣ አንዷ የልጇን ደብተር ልባስ፣ አንዱ ሽማግሌ ደግሞ የቤት ኪራይ መክፈያቸውን አረንጓዴ ቡክሌት ሮጠው አመጡ፤ «ይኼ ይሆን እንዴ ልጄ?» እሷ እያለቀሰች «አይደለም አባባ፣ አይደለም» ትላለች። ማንም ምን እንደሚመስል አልጠየቃትም፤ ይታወቃላ!

እትዬ በራቸው ላይ ቆመዋል፤ አያለቅሱም፣ አይፈልጉም። እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ አድርገው የተፈታውን ቋጠሮ ያፍተለትላሉ። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ትላንት ከእናቴ ጋር ነበርሽ። የሆነ ነገር አላየሽም?»

«ልደታን!» አልኳት እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ «አረንጓዴ ነገር አላየሁም።»

ማልኩ። እስከ ዛሬ ስለዚያ መሐላ ሳስብ ፊቴ ይግላል፤ ግን አልዋሸሁም።

እኩለ ቀን ላይ ተስፋ ሲቆረጥ፣ ለፖሊስና ለአየር መንገዱ የጠፋብኝ ማመልከቻ ይጻፍ ተባለ። ልጅቷን ይዤ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ ወረቀት አስገቡ፣ ካርቦን አስገቡ፣ ሁለት ጣታቸውን መኪናው ላይ አሳረፉ። ለጠፋ ዕቃ ሲጽፉ ሁልጊዜ የሚጠይቁት ነገር አለ፤ ቅደም ተከተሉን አይስቱም።

«የጠፋው ዕቃ?»

«ግሪን ካርድ» አለች።

«መልኩ?»

«አረንጓዴ» አልኩላቸው እኔ።

«አይደለም» አለች ልጅቷ።

የጋሼ ጣት ቆመ።

«እንዴት አይደለም?» አልኳት። «ስሙ ራሱ...»

«አረንጓዴ አይደለም አልኩሽ! ነጣ ያለ ነው፣ ቢጫም ይመስላል። እዚያም ሰው ይስቅበታል፤ ድሮ ድሮ አረንጓዴ ነበር አሉ፣ ስሙ ብቻ ነው የቀረው።»

ልቤ አልተቀበላትም። ደርቄ ተከራከርኳት፤ መብራቱን፣ ሜክሲኮን፣ እለፍ ማለትን ሁሉ አነሳሁባት። ጋሼ ተነሱና ከኋላቸው ካለው፣ የካርቦን ግልባጭ ከሚያስቀምጡበት ካርቶን ውስጥ እጃቸውን ከተቱ። ጋሼ የጻፉት ማመልከቻ ሁሉ ግልባጩ እዚያ ነው፤ የሞተ ሰው ጉዳይ እንኳ አይጥሉም። ጫፉ የተበላ ስስ ወረቀት አወጡ፤ ሐምራዊው ፊደል ደብዝዟል። መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡልን።

«‘...ከሟች ካፖርት ኪስ የተገኘ፣ ፎቶግራፍ ያለበት፣ መልኩ አረንጓዴ የሆነ አንድ የውጭ አገር ወረቀት ከዚህ ማመልከቻ ጋር አያይዤ አቅርቤአለሁ...’»

ባለጉዳዮቹ የአንድ መርከበኛ ልጆች ነበሩ አሉን። ሰውየው በወጣትነቱ ከምጽዋ በመርከብ ወጥቶ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ሲሠራ ኖሮ፣ ሲያረጅ ለመሞት እዚህ ተመልሷል። ልጆቹ ለውርስ ሲካሰሱ ያ ወረቀት ከኪሱ ወጣ። ዳኛው ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ የሚያውቅ ጠፋ፤ በኋላ አብሮት በመርከብ የሠራ አንድ ሽማግሌ ተጠርቶ አስረዳ።

«የመንግሥት ስሙ ረጅም ነው አለ ሽማግሌው። መጻተኛ፣ ተመዝጋቢ፣ ደረሰኝ፣ ምናምን እያለ ይሄዳል። እንኳን መርከበኛው ጸሐፊውም አይጠራው። ታዲያ ወረቀቱን የያዙት ሰዎች፣ በየወደቡ፣ በየፋብሪካው በር፣ በመልኩ ጠሩት፤ አረንጓዴው አሉት። አሳይ ሲባሉ አረንጓዴውን ነው የሚያሳዩት። ያንን የያዘ ሰው ሳይባረር ይኖራል፣ ይሠራል። ኋላ መንግሥት ቀለሙን ሲለዋውጥ ኖረ፤ ሰዉ ግን ስሙን አልለወጠም።» ወረቀቱን መልሰው አጠፉት። «ምን ይገርማችኋል? ከዚህ እስከ ሰንጋ ተራ ስትሄዱ ስንት ሰንጋ ታያላችሁ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ ከጀርባዬ ተቀምጦ የነበረ ወረቀት ነው። እኔ የትራፊክ መብራት እያልኩ ሰው ሳስተምር፣ መልሱ ካፖርት ለብሶ፣ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ፣ እዚህ ልደታ ከቴምብርና ከካርቦን ጋር ተኝቷል። ስሙን የሰጡት ባለሥልጣን አይደሉም፤ እንደ እኛ ያሉ፣ ረጅሙን ስም መጥራት ያቃታቸው፣ ኪሳቸውን እየዳበሱ የሚተኙ ሰዎች ናቸው።

ጋሼ ጣታቸውን መልሰው መኪናው ላይ አደረጉ። «መልኩ ነጣ ያለ» እያሉ ጻፉ። «ሌላ ምልክት?»

«ፕላስቲክ ነው። ፎቶዬና የጣቴ አሻራ አለበት፣ ጀርባው ላይ የሚያብለጨልጭ...»

ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። አውራ ጣቴን አየሁት። ኮላው ጥፍሬ ሥር ደርቆ አለ።

«ጋሼ» አልኩ። «አሽጌዋለሁ። ፖስታ ውስጥ ነው።»

ልጅቷ ሣጥኑ ላይ ተወረወረች። ጋሼ እጃቸውን ክዳኑ ላይ አደረጉ።

«ከአንዱ ውስጥ ነው ጋሼ! ይክፈቱልኝ!»

«የታሸገ ፖስታ የባለቤቱ ነው። እኔ ይህን ያህል ዘመን ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጬ የሰው ፖስታ አልከፍትም። ባለቤቶቹ ይጠሩ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ሩጪ።»

ሮጥኩ። የግቢው ሴት ሁሉ መጣ። ጋሼ መዝገባቸውን እያዩ በየስሙ ሃያ አንዱን ፖስታ አወጡና አግዳሚው ላይ ደረደሩት። መጀመሪያ በእጃቸው ለመጥ ለመጥ እያደረጉ ዳሰሱት፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ግትር ነው፣ ካርዱን ከካርቶኑ መለየት አይቻልም። የእኔ ካርቶን ሥራውን ሠርቷል።

ሴቶቹ ፖስታቸውን አንስተው ደረታቸው ላይ ያዙት። ሁሉም የሚያስበው አንድ ነው። ታሽጎ የተከፈተ ፖስታ ገዱ ይወጣል፤ እንደ ጠላ ነው፣ ከከፈትከው አይመለስም። እትዬ ራቅ ብለው፣ ከሸራው ውጭ፣ ጭንቅላታቸውን ሸፍነው ቆመዋል። ካርዱን ማን እንደወሰደው አሁን ለሁሉም ገብቶታል፤ ልጃቸውም ገብቷት አላየቻቸውም።

«እኔ ሰባት ዓመት ሞልቻለሁ» አለች ስልጤዋ። «ሰባት! ልቤ ደህና ነገር የነገረኝ ዘንድሮ ብቻ ነው።»

«ልጄ ሰው ቤት ነው» አለች የእትዬ ልጅ።

ስልጤዋ ፖስታዋን አየችው፤ ገልብጣ አድራሻውን አየችው። ከዚያ ከዳር እስከ ዳር ቀደደችው። «ወላሂ፣ ገዱ በሕፃን እንባ የሚመጣ ከሆነ ይቅርብኝ!» አለች። ቅጹና ካርቶኑ መሬት ወደቁ። ሌላ ነገር የለም።

ቀጥሎ የግቢያችን ባለሱቅ ቀደደች። ቀጥሎ ሌላዋ። አልተማከሩም፣ አልተያዩም። የወረቀት መቀደድ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ከፍርድ ቤት የሚወጣ ሰው ሳይቀር ቆሞ ያያል። እኔ እነዚህን ሴቶች በውሃ ተራ ሲናከሱ ነው የማውቃቸው፤ ለአንድ ጀሪካን ጸጉር ተያይዘዋል። ዛሬ አንድ ዓመት ሙሉ ያለሙትን በገዛ እጃቸው ሲቀዳድዱ ቆሜ አየኋቸው።

አሥር ሆነ። አሥራ አምስት። ሃያ። በእያንዳንዱ «በዚህ ይሁን» እላለሁ በሆዴ፤ ምክንያቱም በእነዚህ ውስጥ ካልሆነ የት እንዳለ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ሃያ አንደኛው ተቀደደ። ባዶ።

እትዬ መሬት ላይ ዘፍ አሉ። «በቃ፣ ስሮጥ ወድቆብኛል። ሰው ወስዶታል። ልጄን ገደልኳት» አሉ።

«አንድ ይቀራል» አልኩ።

«ሃያ አንድ ነው፣ መዝገቡ ይኸው» አሉ ጋሼ።

«መዝገብ ላይ የለም። የእኔ ነው።»

ስልጤዋ ቀና አለች። «የማን? ያንቺ? ‘የሰነፍ ጸሎት’ ያልሽን?»

«አዎ፣ የእኔ! አፍሽን ዝጊና አሳልፊኝ» አልኳት። ከሣጥኑ ውስጥ ፈልጌ አወጣሁት፤ ከቸኮልኩ የተነሳ ክዳኑን ብቻ ልቅደድ ብዬ ቅጹንም ፎቶዬንም ለሁለት ከፈልኩት። አንድ ነገር ከመሃሉ ተንሸራቶ ጋሼ የጽሕፈት መኪና ላይ ቀጭ ብሎ ወደቀ።

ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ልጅቷ እንኳ ወዲያው አላነሳችውም፤ ሁላችንም እስክናየው ጠበቀች።

«ይኼ ነው?» አለች ስልጤዋ በሹክሹክታ።

«ይኼ ነው።»

እጇን በቀሚሷ ጠረገችና በአንድ ጣቷ ነካችው። ልጅቷ ከዚያ አንስታ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ለእኔ፣ ላሸግሁት። ክብደት የለውም። የስልክ ካርድ እንኳ ከዚያ ይከብዳል። ዘንበል ሳደርገው ከፕላስቲኩ ውስጥ ሥዕል ብቅ ይላል፣ ስመልሰው ይሰወራል። ጀርባው ላይ ያለው ሰንበር የሸራውን ቀዳዳ ብርሃን ተቀብሎ ቀስተ ደመና አወጣና የእትዬ ነጠላ ላይ ጣለው፤ እሳቸው እንደ ጠበል በእጃቸው ሊቀበሉት ሞከሩ። ሁላችንም አየን። አረንጓዴም ነበረበት፤ እዚያ ቀስተ ደመና ውስጥ፣ በቀጭኑ።

ልጅቷ እናቷን ከመሬት አነሳቻቸው። ምን እንደተባባሉ አልጽፍም፤ አልሰማሁም፣ ጀርባዬን ሰጥቻቸዋለሁ።

ትንሽ ቆይተው እትዬ ዓይናቸውን እየጠረጉ መጡና አጠገቤ ቆሙ።

«እጅሽ ገድ የለውም ያልኩሽን አልመልሰውም» አሉኝ። «ይኸው አልተሳሳትኩም። በይ አሁን ሃያ አንድ አዲስ ፖስታ ጻፊ። ኮላውን ወዲህ አምጪው፣ እኔ አሽጋለሁ።»

«የራስሽንስ?» አሉኝ ጋሼ።

«ተቀዷል። ሌላ ፎቶ የለኝም።»

ኬንታኪን ሃያ አንድ ጊዜ እንደገና ጻፍኳት። ገዱ ወጣ፣ አልወጣም ብሎ የተከራከረ አልነበረም። በማግሥቱ ልደታ ነበረች። ጋሼ ተሳልመው ሲመለሱ ፖስታዎቹን በፌስታል አድርገው ለእትዬ ልጅ ሰጧት፤ «ከእኔ እጅ ያንቺ ይሻላል» አሏት። እሷ ደግሞ «ነይ ተከተይኝ» አለችኝና አብረን ወደ ፖስታ ቤት ሄድን። አንድ በአንድ፣ ስም እየጠራች፣ ሃያ አንዱንም ከተተቻቸው።

ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተችና ካርዱን አንድ ጊዜ ጨምራ በእጄ ሰጠችኝ። በዚህኛው ጊዜ አነበብኩት። ፊቱን አነበብኩ፣ ገልብጬ ጀርባውን አነበብኩ። ግሪን የሚል ቃል የትም የለበትም። ከላይ በእንግሊዝኛ ቋሚ ነዋሪ ይላል። በእኔ የቀበሌ መታወቂያም ላይ ነዋሪ ይላል።

«አነበብሽ?» አለችኝ።

«አነበብኩ።»

ካርዱን መለስኩላት። ታክሲ አስቁማ ገባች፤ ሻንጣዋና እናቷ ቤት እየጠበቋት ነው። ባዶውን ፌስታል አጥፌ ኪሴ ከተትኩና «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ወደሚለው ረዳት ሄድኩ።